ክብ ብትቆርጡትም ዕጣው ያው ዕጣ ነው

ጳጉሜን ሲገባ በየወጣት ኅብረቱ አንድ ክርክር ይነሣል፤ የዘንድሮው የጥቅስ ካርድ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው? አንዱ ልብ ይላል፣ ሌላው ርግብ ይላል፣ አንዷ ደግሞ አደይ አበባ ይሁን ትላለች። ገንዘብ ያዡ በሒሳብ ይሟገታል፤ 9 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ካርድ ከአንድ ኤ ፎር ወረቀት 12 ይወጣል፣ ወርዱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ግን 6 ብቻ ነው፤ የቀረው ቁርጥራጭ ሆኖ ይጣላል። መቁረጫ ማሽኑም ቀጥ አድርጎ እንጂ አጉብጦ አይቆርጥምና መዘምራኑ መቀስ ይዘው ያመሻሉ። በዋዜማው ጸሎት ላይ ካርዱ በቅርጫት ይዞራል። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ አንድ ያወጣል። ያወጣውንም «የዓመቱ ቃሌ» ብሎ ይይዘዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚያ ቅርጫት ጋር ነው። ክሱ አጭር ነው፦ ዕድልን ለማወቅ ዐይን ተጨፍኖ የሚወጣ ካርድ፣ የተጻፈበት ቃል ከመጽሐፍ ቅዱስ ቢሆንም፣ አሠራሩ የጠንቋይ ካርድ አሠራር ነው። ቅርጹን ማሳመር አሠራሩን አይለውጠውም። ብዙ ወጣቶች በቅንነት የሚደክሙበት ነገር ስለሆነ ክሱ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ስድብ ሳይሆን ማስረጃ ላቅርብ።

ካርዱ ከየት መጣ?

ዛሬ በቲክቶክ ላይ ታሮት የሚባለውን ካርድ ያላየ ወጣት ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ካርድ ትዘረጋለች፤ «ይህ ቪዲዮ የደረሰህ በአጋጣሚ አይደለም» ትላለች፤ ስለ ፍቅርህና ስለ ሥራህ ትነግርሃለች። ብዙዎች ይህ ካርድ ከመጀመሪያው ለጥንቆላ የተሠራ ይመስላቸዋል። አይደለም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣሊያን ሲጀመር መጫወቻ ነበር። 78 ካርዶች አሉት፤ 56ቱ እንደምናውቀው ካርታ በአራት ወገን የተከፈሉ ናቸው፣ 22ቱ ደግሞ ልዩ ልዩ ሥዕል አላቸው። ሰዎች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ተጫወቱበት። እ.ኤ.አ. በ1781 ኩር ደ ዤብለን የተባለ ፈረንሳዊ ግን ካርዶቹ የጥንት ግብፃውያን የተሰወረ ጥበብ ናቸው ብሎ ጻፈ፤ ማስረጃ አልነበረውም። ብዙ ሳይቆይ ኤቴያ በሚል ስም የታወቀ ሌላ ፈረንሳዊ በካርዶቹ የሰው ዕድል እንዴት እንደሚነበብ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። መጫወቻው የጠንቋይ ዕቃ ሆነ።

እዚህ ላይ ልብ አድርጉ። ወረቀቱ ያው ወረቀት፣ ሥዕሉ ያው ሥዕል ነበር። የተለወጠው ሰው በካርዱ የሚያደርገው ነገር ነው። ቀድሞ ለጨዋታ ያነሣው ነበር፤ ኋላ ነገውን ሊያውቅበት አነሣው። መጫወቻን የጥንቆላ ዕቃ ያደረገው አጠቃቀሙ ከሆነ፣ ጥቅስ የተጻፈበትን ካርድስ አጠቃቀሙ ሊያበላሸው አይችልም?

ስለ ቅርጹም ከዚያው ሠፈር ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ቪኪ ኖብልና ካረን ቮግል የተባሉ ሁለት ሴቶች ማዘርፒስ የሚባል ክብ ታሮት አሳተሙ። አራት ማዕዘኑ ካርድ ሲወጣ ወይ ቀጥ ብሎ ወይ ተገልብጦ ነው፤ አንባቢዎቹ ለሁለቱም የተለያየ ትርጉም ይሰጣሉ። ክብ ካርድ ግን ራስና ግርጌ የሚለይበት ጠርዝ ስለሌለው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያዘነብላል። ለእነዚያ ማዘንበሎችም ትርጉም ተሰጣቸው። ቅርጹ ሲለወጥ ጥንቆላው አልቀነሰም፤ እንዲያውም የሚናገርበት አቅጣጫ በዛለት።

ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ አንድ ነገር ግን በማንኛውም የዕጣ ካርድ ላይ መለወጥ የለበትም፤ የሁሉም ጀርባ አንድ ዓይነት፣ የሁሉም ጠርዝ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ትንሽ ቢረዝም እጅ ያውቀዋል፤ እጅ ካወቀው ደግሞ ዕጣ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ የዕጣ ካርድ እውነተኛ ቅርጹ ክብም ልብም አይደለም፤ መመሳሰል ነው። አሁን ወደ ቅርጫታችን እንመለስ። እኅቶቻችን በመቀስ የሚቆርጡት ልብ ሁሉ ለምን እኩል መሆን አለበት? ጽሑፉስ ለምን ወደ ውስጥ ይታጠፋል? ማንም አይቶ እንዳይመርጥ ነው። ኤቴያም ከዚህ የተለየ ሕግ አልነበረውም።

ክታቡና የስልኩ ሽፋን

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። ይመለከተናል። የካርዱን ነገር ከፈረንጅ ሳንሰማ በፊት እኛ የራሳችን ነበረን። ስኒ ገልብጦ አተላውን የሚያነብ ነበር፤ ጠጠር የሚጥል ነበር፤ የሰውን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ ከአውደ ነገሥት ኮከቡን የሚነግር ነበር። የታረደ ከብት ሞራ ዘርግቶ የዘመኑን ነገር የሚያይ ነበር። ዛሬ በዱከም ሥጋ ቤቶች ሞራውን ለጥብስ እንጂ ለንባብ የሚፈልገው ባይገኝም፣ አያቶቻችን ሞራ ገላጭን ያውቁታል።

ቅርጽንም በሚመለከት ከሁሉ የሚያስደንቀው ክታቡ ነው። የብራና ክታብ ርዝመቱ በዘፈቀደ አይቆረጥም ነበር፤ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ ነው የሚዘጋጀው፣ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። የባለቤቱ ስም ይጻፍበታል፤ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ውስጡ ሲነበብ በሥላሴ ስም ይጀምራል፤ ጸሎት አለው፣ የእግዚአብሔርም ስም በብዛት አለበት። ቃሉ ቅዱስ መሆኑ አሠራሩን ቅዱስ አላደረገውም። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጥንቆላንና አስማትን አጥብቀው የተዋጉ ንጉሥ ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ የአንዱ ቤተ እምነት ከሌላው ጋር ጠብ አይደለም፤ የሰው ልብ በየቤተ እምነቱ የሚሠራው ሥራ ነው።

እኛ ጌታን ስናገኝ ክታቡን ከአንገታችን ፈታን። መልካም አደረግን። ግን ዛሬ የስልካችንን የፕላስቲክ ሽፋን ብንገልጠው ምን ይገኛል? ከዋዜማው ቅርጫት የወጣች የልብ ቅርጽ ያላት ካርድ። ለምን እዚያ ተቀመጠች? በየጊዜው አውጥተን ስለምናነባት ከሆነ መልካም። እዚያ መኖሯ ብቻ የሚጠብቀን ከመሰለን ግን ክታቡ ከአንገት ወደ ስልክ ተዛውሯል እንጂ አልተፈታም።

ሦስት ቁጥር ከፍ ብሎ

ከካርዶቻችን ሁሉ ተወዳጁ ከኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 የተወሰደው ነው። እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላምና የተስፋ እንደ ሆነ የሚናገረው። ይህን ካርድ ያወጣ ሰው ዓመቱ በር የሚከፈትለት ዓመት እንደ ሆነ ያምናል፤ ጓደኞቹም «አሜን» ይሉለታል።

ምዕራፉን ግን ከመጀመሪያው እናንብበው። ደብዳቤ ነው። የተጻፈው ከአገራቸው ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች ነው። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ለማረካችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል፤ ቶሎ አትመለሱምና። ቁጥር 10 ላይ ዘመኑን ይነግራቸዋል፤ 70 ዓመት። ደብዳቤውን በጎልማሳነቱ የሰማ ሰው መመለሱን ሳያይ ባቢሎን ይቀበራል ማለት ነው። ቁጥር 11 የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለአንድ ግለሰብ የአንድ ዓመት ዕድል ሳይሆን ለሕዝብ የሰባ ዓመት ትዕግሥት የተሰጠ ስንቅ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ከዚያው ከተወዳጁ ጥቅስ ሦስት ቁጥር ከፍ በሉ። ቁጥር 8 ላይ እግዚአብሔር በመካከላቸው ያሉ ነቢያትና ምዋርተኞች እንዳያታልሏቸው ያስጠነቅቃል። አያችሁ? ከቅርጫት እያወጣን ዕድላችንን የምናይበት ጥቅስ የተቀደደው ምዋርትን ከሚያወግዝ ገጽ ላይ ነው። ቀዶ ያወጣው መቀስ ማስጠንቀቂያውን ወለል ላይ ጥሎ ተስፋውን ብቻ አነሣ።

በአንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ደግሞ ሐናንያ የተባለ ነቢይ አለ። ኤርምያስ 70 ሲል ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ከሁለቱ የማን ቃል ካርድ ላይ ቢታተም የሚወደድ ይመስላችኋል? ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፤ የተናገረውም አልሆነም። ሕዝቡን ለሰባው ዓመት ያሰነቀው ያ ማንም ያልወደደው ደብዳቤ ነው።

እንዲያውም በዚህ ነገር የጠንቋዩ ካርድ ከእኛ ቅርጫት ይልቅ የሚደፍር ነው። ከታሮት ካርዶች 13ኛው ሞት ነው፤ 16ኛው የሚፈርስ ግንብ ነው። የእኛ ቅርጫት ግን አንድም ክፉ ካርድ የለውም። ኢዮብ ልጆቹን ያጣበት ቀን አይገኝበትም፤ ጳውሎስ እሾሁ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ ከነልመናው አይገኝበትም፤ በክርስቶስ እግዚአብሔርን እየመሰሉ ሊኖሩ የሚወዱ እንደሚሰደዱ የሚናገረው የጢሞቴዎስ መልእክት አይገኝበትም። ሁሉም ዕጣ የሚያሸንፍበት ሎተሪ ሠርተን «ጌታ ተናገረኝ» እንላለን።

ዋጋው ስንት ነው?

«ለደስታ ያህል ነው፤ ምን ጉዳት አለው?» ይባላል። ጉዳቱን በዱከም አስቡት። ከገጠር መጥታ በምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር አንዲት እኅት እናስብ። ወደ ዐረብ አገር እንድትሄድ ደላላ ሲወተውታት ከርሟል፤ ልቧ ግን ፈርቷል። በዋዜማው ምሽት ከቅርጫቱ ያወጣችው ካርድ ከዘፍጥረት 12 ነው፤ አብርሃም ከአገሩና ከዘመዶቹ ተለይቶ እንዲወጣ የታዘዘበት። ምን የምታደርግ ይመስላችኋል? ደላላው በስድስት ወር ያቃተውን አንዲት የልብ ቅርጽ ያላት ካርድ በአንድ ምሽት ጨረሰችው። በሰው አገር መከራ ሲደርስባት ካርዱን የቆረጥነው፣ ያዞርነው፣ «አሜን» ያልንላት እኛ የት ነን?

ወይም እናቱ በጠና የታመመችበትን ወንድም አስቡ። ከመዝሙር 118 ዘማሪው ሞትን አምልጦ በሕይወት እንደሚኖር የሚናገርበትን ቁጥር አወጣ። ቃሉን ይዞ ጾመ፣ ለእናቱም ነገራት። በጥር እናቱ ዐረፈች። ይህ ልጅ ማንን ይከሳል? ቅርጫቱን አይከስም፤ እግዚአብሔርን ነው የሚከሰው። እግዚአብሔር ለእርሱ ያልገባውን ቃል እኛ በእግዚአብሔር ስም ፈርመን ሰጠነው፤ ሳይፈጸም ሲቀር ዕዳው በጌታ ስም ተመዘገበ። ከኅብረት የቀሩ ስንት ወጣቶች እንዲህ ያለ ያልተከፈለ ቼክ በኪሳቸው ይዘው ይሆን?

የሚነሡ መልሶች

አንደኛ፦ «በመጽሐፍ ቅዱስም ዕጣ አለ» ይባላል። አለ። ነገር ግን ዕጣ ለማካፈል ሌላ፣ ዕጣ ለማወቅ ሌላ ነው። እቁብ ዕጣ ይወጣል፤ የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ይደርሳል፤ ኢያሱም ምድሪቱን በዕጣ አከፋፍሏል። ይህ አድልዎ እንዳይኖር ተራ መስጠት ነው፤ እቁብተኛው ከዕጣው የእግዚአብሔርን አሳብ አይጠይቅም። በሐዋርያት ሥራ 1 የማትያስ ዕጣም ዐይን ጨፍኖ ቅርጫት ውስጥ እጅ መስደድ አልነበረም፤ አስቀድመው መስፈርት አወጡ፣ የሚያሟሉ ሁለት ሰዎችን አቀረቡ፣ ጸለዩ፣ በመጨረሻ ዕጣ ጣሉ። መንፈስ ቅዱስ በምዕራፍ 2 ከወረደ በኋላ ደግሞ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አገልጋይ በዕጣ ሲመረጥ አናነብም። በምዕራፍ 6 ሰባቱ የተመረጡት በምስክርነታቸው ነው።

ሁለተኛ፦ ታሪክ ያነበቡ ወንድሞች ሄርንሁትን ያነሣሉ። በጀርመን አገር የዚንዘንዶርፍ የሞራቪያውያን ማኅበር ከ1728 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየዕለት ጥቅስ ነበረው፤ ለ1731 ደግሞ በመጽሐፍ ታተመ። የብሉይ ኪዳኑ ጥቅስ በእርግጥ በዕጣ ነው የሚወጣው፤ እስከ ዛሬም ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ይታተማል። ታዲያ ከእኛ በምን ይለያል? አንድ፣ ጥቅሱ የሚወጣው ለሁሉም ነው፤ ባለጠጋውም ድኻውም፣ የታመመውም ጤነኛውም በዚያ ቀን የሚያነበው አንድ ነው። ለእገሌ ብቻ የወጣ ዕድል የለም። ሁለት፣ አብሮት የሚታተመው የአዲስ ኪዳን ጥቅስ በዕጣ አይወጣም፤ ያነበበና ያሰበ ሰው ነው የሚመርጠው። እነርሱም ቢሆኑ በዕጣ ላይ ዋጋ ከፍለዋል። በአንድ ወቅት ጋብቻን እንኳ በዕጣ ይወስኑ ነበር፤ በ1818 ይህ ግዴታ ከተራው ምእመን ላይ ተነሣ። ከእነርሱ የምንማር ከሆነ መጨረሻቸውንም እንማር።

ሦስተኛ፦ «እኔን ግን በካርዱ ጌታ ተናግሮኛል» የሚል ምስክርነት አለ። አልክድም። እግዚአብሔር በወደደው ይናገራል። በበለዓም አህያ እንኳ ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ግን በጸሎት ቤቱ በራፍ አህያ አስሮ ቃል የሚጠብቅ ኅብረት አላየሁም። አንድ ጊዜ በምሕረቱ የሠራበትን ነገር የዘወትር ሥርዓት ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

አራተኛው መልስ በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፦ «ወጣቱ መጽሐፍ አያነብም፤ ቢያንስ አንድ ጥቅስ ይድረሰው»። በዚህ በኦሮሚያ ምድር ላይ ሆነን ይህን ልንል አይገባም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ሁለቱም በልጅነታቸው የባርነትን ቀንበር ያዩ ሰዎች ነበሩ። ነፃ ሲወጡ ዕድሜያቸውን ለምን ሰጡ? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ። በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ የተመረጡ ጥቅሶች ስብስብ አልነበረም፤ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ሙሉ መጽሐፍ ነበር፤ የኤርምያስ 70 ዓመትም የኢዮብ ዋይታም አልቀረበትም። እነርሱ ያንን ሁሉ ገጽ በእጃቸው ጽፈው አስረከቡን፤ እኛ በመቀስ ቆርጠን ቅርጫት ውስጥ ጨመርነው።

እንግዲህ ምን ዓይነት ቅርጽ?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 እግዚአብሔር ምዋርትንና ጥንቆላን ሁሉ ከከለከለ በኋላ ባዶ እጃቸውን አይተዋቸውም፤ ከወንድሞቻቸው መካከል የሚሰሙትን ነቢይ እንደሚያስነሣ ይነግራቸዋል። ሐዋርያት ይህ ስለ ክርስቶስ እንደ ተነገረ መሰከሩ። የምዋርት ተቃራኒ እንግዲህ የተሻለ ካርድ አይደለም፤ የሚናገር ጌታና የሚሰማ ሕዝብ ነው። ምዋርት ሳይሰሙ ማወቅ ነው፤ እምነት ሳያውቁ መስማት ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ዘንድሮም ስለ ቅርጽ ይከራከር፤ ግን ሊደበቅ የማይችል ቅርጽ ይምረጥ። ካርዱ የግድ ይኑር ካላችሁ እኩል አታድርጉት። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አትጠፉት። ጥቅሱን ከነምዕራፉ በኤ ፎር ወረቀት ፊትና ጀርባ አትሙት፤ ኤርምያስ 29 ከቁጥር 1 እስከ 14 በደንብ ይገባል። ትልቅ ነው፣ ቅርጫት ውስጥ አይገባም ትሉ ይሆናል። የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ወይም እንደ ሄርንሁት ለመላው ኅብረት አንድ ምዕራፍ ምረጡ፤ ዓመቱን ሙሉ አብራችሁ አጥኑት፤ ሁሉም ያንኑ ይያዝ።

ለአንድ ሰው ለብቻው ልስጥ የምትል ካለህ ደግሞ ዐይንህን ገልጠህ ስጠው። ስሙን ጻፍበት፤ ለምን ለእርሱ እንደ መረጥኸው ሁለት መስመር ጨምርበት፤ የራስህንም ስም ፈርም። ያች የፋብሪካ እኅት ከዘፍጥረት 12 ካርድ ይልቅ «ከመወሰንሽ በፊት ነይ፤ አብረን እናንብብ፣ አብረን እንጸልይ» የሚል ወረቀት ቢደርሳት ለእርሷ እንዴት ያለ አዲስ ዓመት ይሆን ነበር! ዕጣ ኃላፊነት አይወስድም፤ ቢሳሳት የሚጠየቅ የለም። ወንድም ግን ይጠየቃል፤ በጥር ለቅሶ ላይ ይገኛል፤ በመጋቢትም ስልክ ይደውላል።

መቀሱን መልሱ፤ መጽሐፉን ግለጡ። ካርድ ለመቁረጥ በየዓመቱ የምታመሹበትን ሰዓት ዘንድሮ ኤርምያስ 28ንና 29ን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በማንበብ አምሹበት። ስታነቡ ሰባውን ዓመት አትዝለሉት።